ፀረ-አረም በጎጃም እርሻ፦ ጥቅሙ፣ ጉዳቱና አያያዙ

ፀረ-አረም አረምን የሚያደርቅ ወይም እድገቱን የሚያናጋ ኬሚካል ነው። የጎጃም ገበሬ «መድኃኒት» ይለዋል፤ ዛሬ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ በሚዘራበት ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ ይታወቃል። ከእርሱ በፊት አረም የሚለቀመው በእጅ ነበር፤ በቤተሰብ፣ በወንፈልና በደቦ።

መድኃኒቱን ተፈላጊ ያደረገው በመጀመሪያ የጉልበት እጥረት ነው። የጤፍና የስንዴ አረማ ከሌላው የክረምት ሥራ ጋር ነሐሴ ላይ ይገጣጠማል፤ ወሩ የፍልሰታ ጾም ያለበት ነው፤ ወጣቱም በዚያው ሰሞን ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። በረጠበ መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ላይ ሰው እየተመላለሰ ሲያርም ደግሞ የሚረገጠው ጤፍ ቀላል አይደለም። ሰዓቱን ጠብቆ የተረጨ መድኃኒት ይህን ሁሉ ያቃልላል።

በብዛት የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ ነው። በዓለም ገበያ ላይ የዋለው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን የእድገት ሆርሞን እየመሰለ መጭን፣ አደይ አበባንና ሌሎች ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ጠማዝዞ ይገድላል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና በቆሎ ግን የሣር ወገን ስለሆኑ ይቋቋሙታል። በሊትር 720 ግራም ለያዘው ዓይነት የተለመደው መጠን በሄክታር 1 ሊትር በ200 ሊትር ውኃ ነው፤ ጥማዱ ሩብ ሄክታር ከሆነ 250 ሚሊ ሊትር በ50 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ባለ 15 ሊትሩ መርጫ 75፣ ባለ 20ው 100 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። በቆርኪ ወይም በዓይን መገመት ብዙ ማሳ ያበላሻል።

ርጭቱ ከመጀመሩ በፊት የረጪው እርምጃ በንጹሕ ውኃ ይለካል። 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ተለክቶ ሲረጭ 2 ሊትር ካለቀ ልኩ ነው፤ ከበለጠ እርምጃውን ማፍጠን፣ ካነሰ ማዘግየት ያስፈልጋል። የመርጫው አፍንጫ ለፀረ-አረም የተሠራው ጠፍጣፋው ይሁን፤ ሲደፈን በአፍ አይነፋም።

ጊዜው ሰብሉ ማጎንቆል፣ ማለትም ከአንድ ሥር ብዙ ቡቃያ ማውጣት፣ ከጀመረ በኋላ፣ አገዳ ከመያዙ በፊት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከበቀለ ከ25 እስከ 35 ቀን። ዘግይቶ ከተረጨ ዛላው ይጣመማል፣ ፍሬ አልባም ይሆናል። የጎጃም የክረምት ዝናብ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ፣ ጤዛው እንደደረቀ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነፋስ በሌለበት ቢረጭ ይመረጣል። ወዲያው ዝናብ ከመታው ድካሙ ከንቱ ነው።

ግላይፎሴት፣ በተለምዶ ራውንድአፕ የሚባለው፣ አረንጓዴ የሆነን ሁሉ ስለሚገድል ከዘር በፊት ብቻ ይረጫል። ሰርዶና እንግጫ የወረሱት መሬት ላይ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የእርሻውን ድግግሞሽም ይቀንሳል። መጠኑ በሄክታር 3 እስከ 4 ሊትር ነው። ሥሩ ድረስ እንዲወርድ ቢያንስ ሳምንት ሳይታረስ ይቆያል። ክረምት ላይ የሚሠራው ስህተት የደፈረሰ የወንዝ ውኃ መጠቀም ነው፤ ጭቃው መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋልና የምንጭ ውኃ ይሻላል። ፓላስ የተባለው መድኃኒት ደግሞ በስንዴ ውስጥ የበቀለን የሣር አረም ያጠፋል፤ ገብስን ግን ይጎዳል።

ጉዳቱ ከአረሙ ዓይነት ይጀምራል። ቱ-ፎር-ዲ በየዓመቱ ሲደጋገም መጭ ይጠፋና ስናር፣ አሰንዳቦ፣ ሙጃና እንክርዳድ ቦታውን ይይዛሉ። እነዚህ ከስንዴው ጋር ስለሚመሳሰሉ ለቃሚም አይለያቸውም። መድኃኒትና ሰብል ማፈራረቅ፣ ያመለጠውንም ዘር ሳይጥል በእጅ መንቀል የግድ ነው።

ኑግና መጭ የአንድ ወገን እፀዋት በመሆናቸው ለመጭ የተረጨው ኑጉንም ይፈጃል። ባቄላ፣ ሽምብራና የቡሬ አካባቢ በርበሬም በነፋስ ከጎረቤት የደረሰባቸው ጭጋግ ቅጠላቸውን ያጨማድደዋል። ንብ ደግሞ የመስከረምና የጥቅምት ቀለቧ አደይ አበባ፣ መጭና ኑግ ነው፤ እነርሱ ሲጠፉ የኅዳሩ ማር ይቀንሳል። የጎጃምን ማር የሚወድ ሁሉ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

በሰው ጤና ላይ ያለው ክርክር አልተቋጨም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ግላይፎሴትን «ካንሰር አምጪ ሳይሆኑ አይቀሩም» ከሚባሉት መድቦታል፤ የአውሮፓ ምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ግን ይህን ድምዳሜ አልተቀበለም። የማያከራክረው ግን ባዶ እግርና እርጥብ ጋቢ ረጪውን እንደማይጠብቁት ነው፤ በጋቢ ጫፍ አፍ መሸፈን መከላከያ አይደለም። ጓንት፣ ቦት ጫማና ረጅም ልብስ ያስፈልጋል፤ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውኃና ሳሙና ይታጠባል። የተዋጠ እንደሆነ በግድ ሳያስመልሱ በሽተኛውን ከነጠርሙሱ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል። ከተረጨ ማሳ የተነቀለ አረም ለከብት አይሰጥም፣ ጎመኑም አይለቀምም።

የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ገበያ ላይ በሃይላንድ ተቀንሶ የሚሸጥ መድኃኒት ምንነቱም መጠኑም አይታወቅም። ግላይፎሴት የተረጨበት መርጫ በደንብ ካልታጠበ በቀጣዩ ርጭት ጤፉን ያደርቃል፤ ስለዚህ ከተቻለ መርጫው ይለይ፣ ካልተቻለ ቱቦው ጭምር ሦስት ጊዜ በሳሙና ይታጠብ፤ እጣቢውም ወደ ምንጭ ሳይሆን ወደዚያው ወደተረጨው ማሳ ይፍሰስ። ባዶው ጠርሙስ ሦስቴ ታጥቦ ይበሳል፤ ለጠላም፣ ለዘይትም፣ ለውኃም አይውልም።