የቬርሳይ ውል ሲጣስ፦ የጀርመን ዳግም መታጠቅና የአሸናፊዎቹ ምላሽ

አንደኛውን የዓለም ጦርነት የቋጨውና እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1920 የጸናው የቬርሳይ ውል የጀርመን ጦር ከ100,000 ሰው እንዳይበልጥ ወሰነ። ታንክ፣ የጦር አውሮፕላንና ሰርጓጅ መርከብም ከለከለ። ተራ ወታደር 12፣ መኮንን 25 ዓመት እንዲያገለግል የተደነገገው፣ ወጣቱን በአጭር ጊዜ እያሠለጠኑ በማሰናበት የተጠባባቂ ጦር እንዳይከማች ነው።

አፈጻጸሙን የሚመረምረው መጀመሪያ በፈረንሳዩ ጄኔራል ሻርል ኖሌ የተመራው የቁጥጥር ኮሚሽን ነበር፤ ወጪውን የምትከፍለው ጀርመን ነበረች። መርማሪዎቹ ጦር ሰፈርና ፋብሪካ የሚገቡት ከጀርመን አገናኝ መኮንኖች ጋር በመሆኑ መምጣታቸው ቀድሞ ይታወቃል፤ መሣሪያ ለማሸሽም ፋታ ይገኛል። ኮሚሽኑ ራሱ አይቀጣም። ሪፖርቱ በማርሻል ፎሽ በሚመራው የጦር ኮሚቴ በኩል ፓሪስ ላለው የአሸናፊዎቹ መንግሥታት የአምባሳደሮች ጉባኤ ይደርሳል፤ ለበርሊን የተቃውሞ ማስታወሻ የሚልከው ጉባኤው ነው።

ማስታወሻው ጉልበት የሚኖረው መያዣ ሲኖረው ነበር። በአሸናፊዎቹ ጦር የተያዘው የጀርመን የኮሎኝ አካባቢ፣ ጀርመን ግዴታዋን ከፈጸመች በጃንዋሪ 10 ቀን 1925 ይለቀቅ ነበር። ጉባኤው ከአምስት ቀን በፊት፣ ጦሩ እንደማይወጣ አስታወቀ፤ ነገር ግን የጥሰቶቹን ዝርዝር የላከው ጁን 4 ላይ ነው። ይህ ከባድ ስህተት ነበር፤ በእነዚያ ወራት ጀርመን «ምን እንዳጎደልን ሳይነገረን ተቀጣን» ብላ ለመከራከር ቻለች። ያም ሆኖ መያዣው ድርድር አስገኘ፦ የጀርመንን ምዕራባዊ ድንበር ያረጋገጠው የሎካርኖ ስምምነት ተፈረመ፣ ቀሪዎቹ ጥሰቶች ላይ መግባባት ተደረሰ፣ ኮሎኝም ተለቀቀ።

ኮሚሽኑ ጃንዋሪ 31 ቀን 1927 ተነሣ። በውሉ አንቀጽ 213 የመንግሥታቱ ማኅበር ምክር ቤት በድምፅ ብልጫ ምርመራ ማዘዝ ይችል ነበር፤ ግን አልተጠቀመበትም። ጀርመኖች ግን ከ1925 ጀምሮ በሶቪየት ምድር፣ ሊፔትስክ ላይ፣ በስውር አብራሪ ያሠለጥኑ ነበር። እዚያ ማንም መርማሪ አይደርስም።

ማርች 16 ቀን 1935 ሂትለር ብሔራዊ ውትድርናን በይፋ ሲያውጅ በአሸናፊዎቹ እጅ የቀረው መሣሪያ ወረቀት ብቻ ነበር። ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በኤፕሪል በጣሊያን ከተማ ስትሬዛ ላይ ተሰብስበው ተቃወሙ፤ ምክር ቤቱም አወገዘ። በጁን 18 ግን ብሪታንያ ፈረንሳይን ሳታማክር የጀርመን ባሕር ኃይል የእሷን 35 በመቶ እንዲያህል ፈቀደች። የዚህን ኅብረት ዋጋ እኛም ከፍለናል፦ ሙሶሊኒን በጀርመን ላይ ለማሰለፍ ሲባል በስትሬዛው መግለጫ ስለ ኢትዮጵያ አንድም ቃል አልተነሣም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1935) የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።