«ዘመናዊ ሥዕል አይገባኝም» ለሚሉኝ የጎንደር ሰዎች

ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ወዳጅ ሁሉ፣ ለሕክምናም ይሂድ ዕቃ ለመጫን፣ የሥዕል መምህር መሆኔን ስለሚያውቅ «እግረ መንገዴን የማየው ምን ዐውደ ርእይ አለ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ ደስ የማይለኝ ከጥያቄው በኋላ የምትከተለው ማሳሰቢያ ናት፦ «ብቻ ዘመናዊ እንዳይሆን፤ እሱ አይገባኝም።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ከመስማቴ ብዛት ሰውየው አፉን ሳይከፍት አውቃታለሁ፤ ስለዚህ እሷንም፣ አብረዋት የሚመጡትንም አንድ ጊዜ ልናገርና ይውጣልኝ።

ትንንሾቹን ላስቀድም። «ኤግዚቢሽን» ሲባል የበዓል ባዛር የሚታያቸው አሉ፤ እኔ የምለው ጫማና ብርድ ልብስ የሚሸጥበትን ሳይሆን ሥዕል የተሰቀለበትን ነው። ጋለሪ የገባ ሰው መግዛት ያለበት የሚመስላቸውም አሉ፤ ግዴታ የለበትም፤ ሙዚየሞች ትኬት ይቆርጣሉ እንጂ ሥዕል የሚሸጡት ጋለሪዎች አብዛኛውን ጊዜ መግቢያ እንኳ አይጠይቁም። በመክፈቻው ምሽት ያልተገኘ ሰው ዐውደ ርእዩ አመለጠው የሚባለውም ከንቱ ነው፤ በመክፈቻ ምሽት የሚታየው የሰው ጀርባ ነውና በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ።

«ሥዕል ለማየት ወደ አዲስ አበባ ነው» የሚለውን ግን እንዲህ በአንድ መስመር ማለፍ አይሆንልኝም። ይህን የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ ከጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በእግር የሚደረስ ሰፈር ይኖራል። እንግዳ ሲመጣበት ይዞ ይገባል፣ ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣል፣ መላእክቱ ስንት እንደሆኑ ይጠይቃል፣ አስጎብኚዎች እንኳ የማይስማሙበትን ቁጥር ተቀብሎ ይወጣል። ሥዕሉ በምን ላይ እንደተሣለ ቢጠየቅ «በግድግዳው ላይ» ይላል። ስሕተት ነው። ብዙዎቹ የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው ጨርቁ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ነው። እኔ በአንድ ደብር ውስጥ የሥዕሉ ጠርዝ ተላቆ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከቀለሙ ሥር እንደ ነጠላ ጫፍ የተተረተረ ክር፣ ከክሩ ሥር ደግሞ ደረቅ ጭቃ ነበር። ይህ የባለሙያ ማካበድ የሚመስለው ካለ፣ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የባህል ጥናት ተልእኮ እ.ኤ.አ. በ1932 ከዚሁ ከጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ሥዕሎች አስልጦ በምትካቸው ቅጂ ለጥፎ መሄዱን ያስታውስ። ጨርቅ ስለሆነ ተላጠ፣ ተጠቀለለ፣ ተጫነ። ዛሬ የሚገኙት ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ በተባለው ሙዚየም ነው፤ እኛ አናይም ያልነውን ሰዎች ትኬት ቆርጠው ያዩታል።

«አንዱን ደብር ያየ ሁሉንም አየ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ጎንደር ሁለት የአሣሣል ስልት አላት። በመጀመሪያው ሥዕሉ ብሩህና ዝርግ ነው፤ ፊት ላይ ጥላ እምብዛም የለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በጎለመሰው በሁለተኛው ግን የጀርባው ቀለም ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሻገራል፣ ፊትና እጅ በጥላ ይሞላሉ፣ የልብሱ ጥለት ተቆጥሮ አያልቅም። ለመለየት ከቅዱሳኑ ፊት በፊት ከጀርባቸው ያለውን ቀለም ተመልከቱ።

ወደ ዋናው ብስጭቴ ልመለስ። ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት፣ ዛሬ የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ተመልሶ «መምህር፣ ያሉኝ ቦታ ገብቼ ነበር፤ ጭረት ብቻ ነው፤ ይሄንንማ ልጄም ይሞነጫጭረዋል። የኛዎቹ የጥንቶቹ ሰውን ሰው አስመስለው ነበር የሚሥሉት» አለኝ። አልተከራከርኩትም። በማግስቱ ከሰፈራችን ደብር ይዤው ገባሁና የሕማማቱ ሥዕል ፊት አቁሜ «ከነዚህ ውስጥ ክፉዎቹ የትኞቹ ናቸው?» አልኩት። ሳያመነታ በጎን የተሣሉትን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ የሚታየውን ገራፊዎች ጠቆመኝ። «በምን ዐወቅህ?» ብለው «ይታወቃል እንጂ፣ መምህር!» አለ፤ ጥያቄው ራሱ አስቆት ነበር።

እስኪ ሰው አንድ ዓይን የሚቀረው ክፉ ሲሆን ነውን? ሠዓሊዎቹ ሁለት ዓይን መሣል አቅቷቸው አይደለም፤ ከጎኑ ያለው ጻድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ ቦግ ብለው ያያሉ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ሦስቱ አካላት ፍጹም የሚመሳሰሉ ሽማግሌዎች ሆነው ተሥለዋል፤ የጣሪያው መላእክት ራስና ክንፍ እንጂ ገላ የላቸውም፤ «ገላቸውስ?» ብሎ የጠየቀ ምእመን እስካሁን አላጋጠመኝም። በዚህ መካከል ያደገ ሰው ተፈጥሮን የማይመስል ሥዕል ማንበብ የለመደው በእናቱ እጅ ተይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ነው፤ ጋለሪ ሲገባ ግን የሚያውቀውን ከበሩ ላይ ጥሎ ይገባል።

የሚያናድደኝም ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዘመናዊ የሚባሉት ሠዓሊዎቻችን የቆሙት በዚሁ ላይ ነው። ጀርመን ተምሮ የተመለሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስቅለትን «ጎልጎታ» ብሎ ሥሏል፤ እስክንድር ቦጎሲያን ከክታብና ከብራና ሥዕል ቀድቷል፤ ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ስንጣሪ ላይ ይሥላል። መጥፎ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል የለም አላልኩም፤ ሞልቷል። ግን መጥፎ ነው ለማለት አስቀድሞ ማየት ይገባል።

እንግዲህ ለሚጠይቁኝ የምመክረው ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ግቡ፤ በእንጨት ላይ የተሣሉትን የጥንት ሥዕሎች እዩ። ዓይናችሁ በዚያ ከሞቀ በኋላ ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተሻገሩ። ጊዜው ከገጠመላችሁ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች በየዓመቱ ሥራቸውን የሚያሳዩበትን አትለፉ። ከየቦታው ሦስት ሥራ ብቻ ምረጡ፤ ከጎኑ የተጻፈውን ሳታነቡ አምስት አምስት ደቂቃ ቁሙ፤ ቀለሙ የት እንደሚከብድና ዓይናችሁ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ልብ በሉ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ተዉት፤ ፍላሽማ በየትም አታብሩ።

የጋለሪዎቹን ግን ዝርዝር አትጠይቁኝ። የሰቀሉትን በየጥቂት ሳምንቱ ስለሚያወርዱ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከጎንደር ድረስ ሄጄ የደረስኩት ሥዕሎቹ ወርደው፣ ለቀጣዩ ዐውደ ርእይ ግድግዳው ነጭ ቀለም እየተቀባ ነው።