«ስኪ» እና «ስካ»፦ አንድ ስም ነው ሁለት?

ሳይንቲስቷ ማሪ ኩሪ ከማግባቷ በፊት ማሪያ ስክዎዶፍስካ ትባል ነበር። አባቷ ግን ቭዋዲስዋፍ ስክዎዶፍስኪ ነው። ደጋግሞ የሚያደናግረው ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው ሁለት የተለያየ ስም ይመስለዋል። ስሙ አንድ ነው። በ«ስኪ» የሚያልቅ የፖላንድ የቤተሰብ ስም በሰዋስው ቅጽል ስለሆነ ከጾታ ጋር ይለዋወጣል፦ ወንዱ «ስኪ»፣ ሴቷ «ስካ»። «ኖቫክ» የሚባለው ስም ግን ቅጽል ስላልሆነ ለወንድም ለሴትም ያው ኖቫክ ነው።

ስክዎዶፍስኪ የመጣው ማዞቪያ በሚባል የፖላንድ አካባቢ ውስጥ ካለ ስክዎዲ ከሚባል ቦታ ነው፤ እኛ «ጎንደሬ» እንደምንለው። ከአንድ ትንሽ ቦታ የወጣ ስም ብዙ ጊዜ ብርቅ ሆኖ ይቀራል። ኮቫልስኪ የሚባለው ስም የበዛው ግን «ኮቫል» ማለት አንጥረኛ ስለሆነ ነው፤ አንጥረኛ የሌለበት አካባቢ የት አለ?

አንድ ስም ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ስትቆጥሩ ተጠንቀቁ። ፔሴል ከሚባለው የፖላንድ የነዋሪዎች መዝገብ የሚወጣው ዝርዝር ወንድና ሴትን ለየብቻ ያስቀምጣል። «ስኪ»ን ብቻ ያየ ሰው ሴቶቹን በሙሉ ይጥላል፤ ሁለቱን ደምሩ። ከፖላንድ ውጭ ደግሞ መሐሏ የተሰረዘችው ኤል (ł፤ ድምፅዋ «ው» ነው) ተራ ኤል ሆና ትጻፋለች፣ «Skłodowski»ም «Sklodowski» ይሆናል። በሁለቱም አጻጻፍ ፈልጉ።

«ስኪ» ያለው ሁሉ የመኳንንት ዘር ነው የሚባለውን አትመኑ። መጀመሪያ መኳንንት በርስታቸው ስም ይጠሩበት ነበር፤ ኋላ ከተሜውም ገበሬውም ወሰደው። የእያንዳንዱን ቤተሰብ የዘር ሐረግ የሚለየው የደብር መዝገብ እንጂ የስሙ መጨረሻ አይደለም።