«ፓምፑን ትንሽ አስቀድምልኝ»፦ ስለ ድሮ ናፍጣ መኪና የሚወሩ ስህተቶች እና እውነታው

የድሮ ናፍጣ መኪና ያለው ሰው ነዳጅ በላብኝ ሲል መፍትሄውንም ይዞ ነው የሚመጣው። «ፓምፑን ትንሽ አስቀድምልኝ፣ ነዳጅ ይቆጥባል አሉኝ።» ፓምፑ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ነው፤ ማስቀደም ማለት ደግሞ ናፍጣው ቀደም ብሎ እንዲረጭ ፓምፑን በቦታው ማዞር ነው። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ግን ሁሉም ሰምቷል። እኔም መስማት ሰልችቶኛል። ወሬው ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ሞተር ያበላሻል። እዚህ የማወራው ሜካኒካል ፓምፕ ስላላቸው የድሮ ሞተሮች ብቻ ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ኮመን ሬል (የአዳዲስ ናፍጣ ሞተሮች የመርጫ ሥርዓት) ከሆነ መርጫ ሰዓቱን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፤ ፓምፑን ማዞር ምንም አይለውጥም።

«ታይሚንግ በቀደመ ቁጥር ነዳጅ ይቀንሳል»

አይቀንስም። ታይሚንግ ማለት ናፍጣው የሚረጭበት ሰዓት ነው። ናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ሲያምቀው አየሩ ይግላል፤ ኖዝሉ የሚረጨው ናፍጣ በዚያ ግለት ራሱ ይቀጣጠላል። ግን እንደተረጨ ወዲያው አይደለም፤ ትንሽ ይዘገያል። ለዚህ ነው ፓምፑ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ በፊት መግፋት የሚጀምረው። ግፊቱ ከፍ ማለት ያለበት ግን ፒስተኑ ጫፉን አልፎ መውረድ ሲጀምር ነው፤ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ጫፉን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ። ብስክሌት ስትነዱም ፔዳሉ ላይኛውን ጫፍ ሳያልፍ ብትጫኑት ጉልበታችሁ በከንቱ ይቀራል።

ታይሚንጉ ከዘገየ ናፍጣው የሚነደው ፒስተኑ ርቆ ከወረደ በኋላ ነው። መግፋት የነበረበት ሙቀት በጭስ ማውጫው ይወጣል። መኪናው ይደክማል፣ ሹፌሩ አብዝቶ ይረግጣል፣ ነዳጅ ይበላል። እንዲህ ያለውን ወደ ቦታው ስትመልሱት በእርግጥም ነዳጅ ይቀንሳል። ወሬውም የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ፓምፑን የሚያዞረው ሰንሰለት ሲረዝም፣ ፓምፕ ውስጡ ሲበላ ታይሚንግ ወደ ኋላ ይቀራል። አንዱ የዘገየውን አስተካከለና «አስቀደምኩት፣ ነዳጅ ቀነሰ» ብሎ አወራ። የሰማው ደግሞ ሄዶ ልክ የነበረውን አስቀደመ።

ልኩን ሲያልፍ ምን ይሆናል? እሳቱ ገና ወደ ላይ እየወጣ ያለውን ፒስተን ይገፋዋል። ሞተሩ የራሱን ጉልበት ይዋጋል። ድምፁ ይሻክራል፣ ብዙ ሙቀት ወደ ውሃው ይሄዳል፣ ፒስተኑና የቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን ይጎዳሉ። ነዳጁም ተመልሶ ይጨምራል።

አንድ ደንበኛ ሌላ ቦታ አስቀድሞ ያመጣውን መኪና አስታውሳለሁ። «ጉልበቱን ስማው!» አለኝ። የሰማሁት መንኳኳት ነው። በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በሚለካ ባለመርፌ መለኪያ) ስለካው ፋብሪካው ካዘዘው ቁጥር በጣም አልፏል። ወደ ቁጥሩ መለስኩለት፤ ድምፁ ረጋ። ሰውየው መጀመሪያ «ደከመብኝ» ብሎ ቅር አለው። ነዳጅ ጥቂት ጊዜ ከሞላ በኋላ ግን ደውሎ ነዳጁ እንደቀነሰ ነገረኝ። ጩኸት ጉልበት አይደለም፤ ይህን ለማስረዳት የማጠፋው ጊዜ ያሳዝነኛል።

«ጎበዝ መካኒክ በጆሮው ያስተካክላል»

ይሄም ያናድደኛል። የናፍጣ ሞተር ድምፅ በብዙ ነገር ይለወጣል። ሲቀዘቅዝ ያንኳኳል፣ ኖዝል ሲበላሽ ያንኳኳል፣ ናፍጣው ጥሩ ካልሆነም ያንኳኳል። ጆሮ ይህን ሁሉ ከታይሚንግ መለየት አይችልም። ደግሞ በአራት ምት ሞተር ፓምፑ የሚዞረው በኮሎው ግማሽ ፍጥነት ነው። የፓምፑን አካል 1 ዲግሪ ብታዞሩት ኮሎው ላይ 2 ዲግሪ ነው። በመዶሻ እጀታ ገፋ አድርጎ «አሁን ልክ ነው» የሚል ሰው ምን ያህል እንደሄደ አያውቅም።

መለኪያው አለ። የቦሽ ቪኢ ዓይነት ፓምፕ ከሆነ ከኋላው፣ በኖዝል ቱቦዎቹ መሃል ያለው ብሎን ይፈታና ዳያል ጌጅ ይገባል። ለቀዝቃዛ ማስነሻ የተሠራ ማስቀደሚያ ካለው መጀመሪያ መለቀቁን አረጋግጡ፤ እሱ ተይዞ የተለካ ልኬት ውሸት ነው። መርፌው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሲቆም ዜሮ ይደረጋል። ከዚያ ኮሎው ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ እየዞረ 1ኛው ፒስተን ጫፍ ላይ ይመጣል፤ ጌጁ ይነበባል። ንባቡ በሚሊሜትር ነው፤ ልዩነቱም የሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ልክ ካልሆነ የቱቦዎቹ ዳዶዎች ይላላሉ፣ የፓምፑ ማሰሪያ ይላላል፣ ፓምፑ ይዞራል። ከታሰረ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሮ እንደገና መለካት ግዴታ ነው። ቁጥሩን ከሞተራችሁ ማኑዋል ውሰዱ፤ የጎረቤት መኪና ቁጥር አይሠራም።

«የቺንጋው ምልክቶች ከገጠሙ ታይሚንጉ ልክ ነው»

ቺንጋው ፓምፑን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ቀበቶ ነው፤ ምልክቶቹ ጥርሶቹ ልክ መግባታቸውን ብቻ ይናገራሉ። ፓምፑ የታሰረባቸው ቀዳዳዎች ረዘም ያሉት ለምን ይመስላችኋል? ለጥቃቅኑ ማስተካከያ ነው።

«ጥቁር ጭስ ካለ ታይሚንግ ነው»

መጀመሪያ የአየር ፊልትሩን እዩ። ጥቁር ጭስ ባብዛኛው አየር አነሰ ወይም ናፍጣ በዛ ማለት ነው፤ የሚያንጠባጥብ ኖዝልም ያመጣዋል። አንዳንዱ የናፍጣ መጠን የምትጨምረውን ብሎን አዙሮ «ታይሚንግ ሠራሁ» ይላል። ሁለቱ አይገናኙም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጠዋት የሚታይ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ ግን የዘገየ ታይሚንግ ሊሆን ይችላል።

«ቴርሞስታቱን ማውጣት ሞተሩን ያሳርፋል»

ቴርሞስታቱ ሞተሩ በልኩ እንዲሞቅ የሚያደርግ ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ይበላል። መልሱት።

«ነጭ ጋዝ ቢቀላቀል ይረክሳል»

ፓምፑን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ነጭ ጋዝ ቀጭን ነው፣ ፓምፑ ይበላል። የፓምፕ ጥገና ዋጋ ያተረፋችሁትን ሁሉ ይወስደዋል።

«ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ መውረድ ይቆጥባል»

ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ፓምፑ ናፍጣ ይቆርጣል። በዜሮ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ያጠጣዋል። ፍሬን ማቃጠሉ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው።

«ነዳጅ ከበላ መጀመሪያ ፓምፑ ይነካ»

ፓምፑ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ የጎማ ንፋስ፣ የሚይዝ ፍሬን፣ የአየርና የናፍጣ ፊልትር፣ አየር የሚስብ የናፍጣ ቱቦ ይታይ። ከዚያ ኖዝሎች ይፈተሹ፤ የኖዝል መክፈቻ ግፊት ሲቀየር ናፍጣው የሚረጭበት ጊዜም ትንሽ ስለሚቀየር ታይሚንግ ከኖዝል በኋላ ነው የሚለካው። ቪኢ ፓምፕ ላይ ደግሞ የመመለሻው ቱቦ ብሎን ጠባብ ቀዳዳ አለው፤ የፓምፑ የውስጥ ግፊት እንዲጠበቅ ይረዳል። በዚያ ግፊት ነው ፓምፑ ፍጥነት ሲጨምር ራሱ የሚያስቀድመው። ብሎኑ ከመግቢያው ብሎን ጋር ተቀያይሮ የታሰረበት መኪና ገጥሞኛል። ባለቤቱ ፓምፑን ደጋግሞ አስዞሮ ነበር። ብሎኖቹን ብቻ ወደ ቦታቸው መለስኩና መኪናው ተነቃቃ።

ለውጥ መኖሩን ማወቅ ከፈለጋችሁ በነዳጅ ጌጅ መርፌ አትገምቱ። ታንኩን እስከ አፉ ሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ የተለመደ መንገዳችሁን ንዱ፣ ከዚያ በዚያው ማደያ እንደገና እስከ አፉ ሙሉና የገባውን ሊትር ለተጓዛችሁት ኪሎ ሜትር አካፍሉ። ፓምፑ ከመነካቱ በፊትም በኋላም ይህን አድርጉ።