የዶገር ባንክ ሌሊት፦ ስለ ሃል ዓሣ አስጋሪዎች በስህተት የሚነገረው

ነገሩ የሆነው ኦክቶበር 21 ለ22 አጥቢያ፣ 1904 እ.ኤ.አ. ነው። ጃፓንን ሊወጋ ከባልቲክ የተነሳው የሩሲያ ባሕር ኃይል፣ በሰሜን ባሕር ዶገር ባንክ በሚባል ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ የዓሣ ማስገሪያ ሥፍራ ላይ መረባቸውን ጥለው በነበሩ የእንግሊዝ ዓሣ አስጋሪ መርከቦች ላይ ተኩስ ከፈተ። እንግሊዝ በጦርነቱ ውስጥ አልነበረችም። አስጋሪዎቹ ሃል ከምትባል የወደብ ከተማ የወጡ ድሆች ነበሩ።

«ጨለማ ስለነበር አላዩአቸውም»

በደንብ አይተዋቸዋል። ፓውዛ አብርተውባቸው ነበር። አንዳንዶቹ አስጋሪዎች ብርሃኑ ሲያርፍባቸው ያጠመዱትን ዓሣ በእጃቸው ከፍ አድርገው እንዳሳዩ በኋላ ተናግረዋል፤ «ሥራችን ይኸው» ለማለት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል። መርከበኞቹን ያሳወራቸው ወሬ ነው። የጃፓን ቶርፔዶ ጀልባዎች (በውኃ ውስጥ እየሄደ መርከብ የሚያሰምጥ ፈንጂ የሚተኩሱ ትናንሽ የጦር ጀልባዎች) ሰሜን ባሕር ላይ አድፍጠዋል የሚለው ወሬ ገና ጉዞው ሳይጀመር ሲናፈስ ከርሟል። በዚያው ምሽት ደግሞ ካምቻትካ የተባለች ወደ ኋላ የቀረች የጥገና መርከብ «ቶርፔዶ ጀልባዎች ከበቡኝ» ብላ በሬዲዮ አስተላለፈች። እሷ የተኮሰችው ግን በስዊድን የንግድ መርከብ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥላ ሁሉ ጃፓን ሆኖ ታያቸው።

«ቢያንስ አንድ የጃፓን ጀልባ በመካከላቸው ነበረ»

የጦሩ አዛዥ አድሚራል ሮዠስትቬንስኪ የሞገተው ይህንን ነው። ጉዳዩን ፓሪስ ላይ የመረመሩት አምስት አድሚራሎች ግን፣ ከመካከላቸው ሩሲያዊው ባይስማማም፣ በአብላጫ ድምፅ ምንም ቶርፔዶ ጀልባ እንዳልነበረ በፌብሩዋሪ 1905 አስታወቁ።

«የተጎዱት እንግሊዞች ብቻ ናቸው»

ክሬን የተባለችው መርከብ ሰጠመች፤ ሁለት ሰዎቿ እዚያው ሞቱ፤ ሌሎች ስድስት አስጋሪዎች ቆሰሉ። ነገር ግን ሩሲያውያኑ የራሳቸውን መርከብ አውሮራንም መትተዋል፤ በላይዋ የነበሩት ቄስ በዚያ ቁስል ሞቱ። በ1917ቱ የሩሲያ አብዮት ስሟ የገነነው አውሮራ እሷው ናት።

«ስህተታቸውን እንዳወቁ ቆመው ረዷቸው»

አልቆሙም። የተመቱትን መርከቦች ሳይረዱ ጉዟቸውን ቀጠሉ። እኔን ከተኩሱ ይልቅ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ተኩሱን ድንጋጤ ሊያስረዳው ይችላል፣ ጥሎ መሄድን ግን ምን ያስረዳዋል?

«በይቅርታ ብቻ ታለፈ»

እንግሊዝ መርከቦቿን ለውጊያ አሰናድታ ነበር፤ ሁለቱ አገሮች ለጥቂት ነው ከጦርነት የተረፉት። ሩሲያ 66,000 ፓውንድ ካሣ ከፈለች። የክሬን ካፒቴን ሐውልት ከ1906 ጀምሮ ሃል ውስጥ ሄስል ሮድ ላይ ቆሟል።