ግሎሪያ ዴይ፦ የፊላደልፊያ ስዊድናውያን ቤተ ክርስቲያን

ግሎሪያ ዴይ በፊላደልፊያ ደቡባዊ ክፍል፣ በደላዌር ወንዝ አቅራቢያ የሚገኝ የጡብ ሕንፃ ነው። ሥራው በ1698 ተጀምሮ በ1700 ተመረቀ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በፔንስልቬንያ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በዕድሜ የሚቀድመው የለም።

ያሠሩት በ1638 «ካልማር ኒከል» እና «ፎግል ግሪፕ» በተባሉ መርከቦች የተጀመረው የኒው ስዊድን (የስዊድን ቅኝ ግዛት) ሰፈራ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ሰፈራው የአገሬው ተወላጅ የሆነው የሌናፔ ሕዝብ ምድር ላይ ነበር። ቅኝ ግዛቱ 17 ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1655 በደቾች (ሆላንዳውያን)፣ በ1664 ደግሞ በእንግሊዞች እጅ ገባ። ምእመናኑ ግን ቋንቋቸውንም የሉተራን እምነታቸውንም አልጣሉም። ከ1677 ጀምሮ ዊካኮ በተባለ ስፍራ በአንድ የእንጨት ምሽግ ውስጥ ያመልኩ ነበር።

ካህናት ሲያልቁባቸው ወደ ስዊድን ጻፉ። ንጉሥ ካርል 11ኛ የመረጧቸው አንድሬያስ ሩድማን፣ ኤሪክ ቢዮርክና ዮናስ አውሬን በ1697 ደረሱ። ቄስ ካምፓኒየስ ቀደም ሲል ወደ ሌናፔ ቋንቋ የመለሰውን የሉተር ካቴኪዝምም (የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፍ) ታትሞ ይዘው መጡ። ሩድማን አዲስ ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት ሲነሣ ምእመናኑ በቦታ ተጣሉ፤ ገሚሱ ዊካኮን፣ ገሚሱ ፓስዩንክን አለ። በመጨረሻ ጸልየው ዕጣ ጣሉ። የሁለቱ ቦታዎች ስም በወረቀት ተጽፎ በባርኔጣ ውስጥ ተናወጠ፤ የወጣው ዊካኮ ነበር። ወዲያው ጠቡ ቆሞ መዝሙር ተዘመረ ይባላል። እንዲህ ያለ መተማመን የነበረው ጉባኤ የሚከበር ነው። ቢዮርክ ደግሞ የዛሬዋ ዊልሚንግተን ከተማ የምትገኝበት ስፍራ ላይ እህት ቤተ ክርስቲያን በ1699 አስመረቀ።

በ1703 ጀርመናዊው ዩስቱስ ፋልክነር እዚህ ክህነት ተቀበለ። ብዙዎች በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው የሉተራን ሢመት ያደርጉታል። የመጀመሪያዋን የአሜሪካ ባንዲራ ሰፍታለች የምትባለው ቤትሲ ሮስ ሁለተኛ ጋብቻዋን በ1777 የፈጸመችው እዚሁ ነው፤ የባንዲራው ነገር ያከራክራል፣ ጋብቻው ግን አያከራክርም።

የመጨረሻው ስዊድናዊ ካህን ኒልስ ኮሊን ከ1786 እስከ 1831 አገለገለ። በ1845 ደብሩ ወደ ኤፒስኮፓል (የአሜሪካ አንግሊካን) ቤተ ክርስቲያን ተዛወረ። በ1942 ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ተባለ።

ጎብኚ ወደ ውስጥ ሲገባ ቀና ብሎ ጣሪያውን ይመልከት፤ የሁለቱ መርከቦች ቅርጾች ተንጠልጥለዋል። በመቃብሩ ስፍራ የአዕዋፍ ተመራማሪው አሌግዛንደር ዊልሰን አርፏል። በየዓመቱ ታኅሣሥ ገደማ የቅድስት ሉሲያ በዓል በስዊድናውያን ሥርዓት ይከበራል። ቤቱ ዛሬም የምእመናን ደብር ስለሆነ በቅዳሴ ሰዓት የሚደርስ ሰው ጉብኝቱን ከቅዳሴው በኋላ ማድረግ ይገባዋል።