ኢ471 ሐራም ነው ወይስ ሐላል?

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ሰሞኑን አንዲት እህት የብስኩት መጠቅለያ ጀርባውን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «ኢ471 አለበት፣ ልጆቼ ሲበሉት ነው የከረሙት፣ ምን ይሻለኛል?» ትላለች። ቴሌግራም ላይ በሚዞረው የ«ሐራም ቁጥሮች» ዝርዝር ውስጥ አይታው ነው። እሱ ዝርዝር ለኔ ስንት ጊዜ እንደተላከልኝ አላህ ነው የሚያውቀው።

ኢ471 ከቅባት የሚሠራ ነገር ነው። ዘይትና ውሃ ተዋህደው እንዲቆዩ ያደርጋል፤ ዳቦ፣ ማርጋሪን፣ አይስክሬም ውስጥ ይገባል። ቅባቱ ከፓልም፣ ከአኩሪ አተር ወይም ከሱፍ ዘይት ሊሆን ይችላል። ከከብት ሞራ ወይም ከአሳማ ስብም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ግን ለሁሉም ያው ነው! ታዲያ «ኢ471 ሐራም ነው» ብሎ መደምደም ምን የሚሉት ነው?

ከዕፅዋት ከሆነ ሐላል ነው፣ አለቀ። ከአሳማ ከሆነ በክትንና የአሳማ ሥጋን የከለከለው ሱረቱል በቀራህ 173ኛው አያህ በቂ ነው። በሸሪዓ ካልታረደ ከብት የመጣም በዚያው አያህ በክት ተብሏል። «ተቀይሯል እኮ፣ ኢስቲሃላ (ነጃሳው ወደ ሌላ ነገር መለወጡ) ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ኸምር በራሱ ጊዜ ኮምጣጤ ሲሆን ሐላል ይሆናል፤ የሐነፊ መዝሀብ (የፊቅህ መንገድ) ዑለማዎች በሌሎች ነገሮችም ይህን በር ሰፋ ያደርጉታል፣ ብዙዎቻችን የምንከተለው የሻፊዒ መዝሀብ ግን ያጠበዋል። ደግሞ ኢ471 ከተሠራም በኋላ ያው የቅባት ዘር ነው። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እንኳ በ1986 እ.ኤ.አ. አማን ላይ ተሰብስቦ ከአሳማ የተሠራ ጄላቲን (ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣ ማርጊያ) ምግብ ውስጥ አይፈቀድም ብሏል፤ ያውም ጄላቲን ከዚህ የበለጠ ተቀይሯል እየተባለ የሚከራከሩለት ነው።

ምንጩ ካልታወቀስ? ቡኻሪ ከዓኢሻ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ አዲስ የሰለሙ ሰዎች ሥጋ ያመጡ ነበር፤ የአላህ ስም ተጠርቶበት ይሁን አይሁን አይታወቅም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) «እናንተ የአላህን ስም ጥሩበትና ብሉት» አሉ። ይህ የሙስሊም እርድ ላይ የመጣ ነው፣ ለሁሉም ነገር አንለጥጠው። ግን በጥርጣሬ ብቻ ምግብ እንዳንጥል ያስተምረናል። ልብህ ካልረጋ ተወው፣ ሹብሃን (አጠራጣሪ ነገርን) መራቅ ለዲንህ ጥበቃ ነው። ለራስህ መጠንቀቅና ለሰው ሁሉ «ሐራም» ብሎ ሼር ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው። በውሸት «ይህ ሐላል ነው፣ ይህ ሐራም ነው» አትበሉ የሚለውን ሱረቱ ነሕል 116ን አንብቡት፣ ያስደነግጣል።

መላው ቀላል ነው። የሐላል ማኅተም ካለ እሰየው። የህንድ ዕቃ ከሆነ አረንጓዴ ነጥብ ፈልጉ፣ ሥጋም ሞራም የለበትም ማለት ነው። በአገራችን ደግሞ ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች መላውን አቅልለውልናል፦ «የጾም» የተባለ ብስኩት የእንስሳ ቅባት አይገባበትም። አልኮል ያለበት ማጣፈጫ መኖር አለመኖሩን ግን ይህ ምልክት አይነግራችሁም፣ እሱን ለይታችሁ እዩ።

እህቴን ሳያውቁ የበሉት ወንጀል እንደሌለበት ነገርኳትና የመጠቅለያውን ፊት እንድትልክልኝ ጠየቅኳት። ላከችው። በትልቁ «የጾም» ይላል።